የአክስቴ ዘሀራ ጠገራ ብር

ሰሞኑን መርሳ ገበያ አንድ ነጋዴ ጠገራ ብር ድንጋይ ላይ ጥሎ ሲያቃጭለው ልጅነቴ ትዝ አለኝ።

ያኔ አሮጌ ብር የሚሰበስብ ሰው ከወልዲያ ወደ መንደራችን ግራና መጣ። አክስቴ ዘሀራም ከእናቷ የወረሰችውን የአንገት ጠገራ ልትሸጥለት ብላ በሎሚና በአመድ ፈትጋ እንደ መስታወት አብለጨለጨችው።

ሰውዬው አገላብጦ አየውና አዘነ። «እትዬ፣ እኔ የምፈልገው ጥቁረቱን ነበር። ዕድሜውን እኮ አጥበው ደፉት» ብሎ ሳይገዛ ሄደ።

ዕድሜ የሚታጠብ ከሆነ ብዬ የተረፈውን ሎሚ ለወንድ አያቴ ወሰድኩላቸው።

«ምን ላድርገው?» አሉኝ።

«ፊትዎን ይሹበት።»

አያቴ ሎሚውን ተቀብለው ወጣቸው ላይ ጨመቁት።

ዛሬ ጠገራ ሰብሳቢው እኔ ነኝ። አክስቴን ሽጭልኝ ስላት «ሲጠቁር ትወስደዋለህ» ትለኛለች። ኢድ በደረሰ ቁጥር ግን ትፈትገዋለች።