የካሰችን ዓሦች ምን ገደላቸው?

ካሰችን መራዊ ገበያ ላይ ብቻ የሚያውቃት ሰው ኩሩ ናት ይላል። ኧረ ወዲያ! ዝምተኛ ናት እንጂ ኩራት የሚባል አልፈጠረባትም። እኔ ሰርካለም አጥር ለአጥር ጎረቤቷ ነኝ፤ እሷ የማታወራውን ሁሉ የማወራውም እኔ ነኝ። እሷን ብትጠብቁ ታሪኳን ሳትሰሙ ትቀራላችሁ፣ ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ።

የመጣችው ከደጋው፣ ከገበዝ ማርያም ነው። ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ገና በጉብዝናው ሞተባት። ከቆጋ ቦይ ሥር የቀረላት መሬት ደግሞ ረግረግ ነው። ስንዴ ዘራች፣ በሰበሰ። ድንች ተከለች፣ እሱም በሰበሰ። የባሏ ወንድሞች "በቃሽ፣ ወደ አገርሽ ግቢ" አሏት። እሷ ምን አደረገች መሰላችሁ? ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ረግረጉን ቆፈረችና ኩሬ አደረገችው። ከዚያ ከቆጋ ግድብ አሥጋሪዎች ቆሮሶ የሚሉትን ዓሣ ጫጩት ለምና አምጥታ ለቀቀችበት። ዓሣ እንኳን አርብታ በልታም የማታውቅ የደጋ ሴት! አገር ሳቀባት።

ቆሮሶዎቹ ግን እሰይ የሚያሰኝ እርባታ ረቡ። በጾም ዓሣ ይበላል የሚሉት ሰዎች ከመራዊ በባጃጅ እየመጡ ይወስዱላት ጀመር። ጠዋት ጠዋት ፉርሽካ ይዛ ስትወርድ ዓሦቹ ኮቴዋን ሰምተው ወደ ዳር ይሰበሰባሉ። እሷም "መጣሁ፣ መጣሁ፣ አትጋፉ" ትላቸዋለች። ለእኛ የነፈገችንን ወሬ ለዓሣ ስትሰጥ ሳይ በሳቅ እፈርሳለሁ።

አምና በኅዳር ሚካኤል ሰሞን አንድ ቀን ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ ከፍተው አየር ሲለምኑ ዋሉ፤ በማግስቱ ብዙዎቹ ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፈፉ። ለገና ሰሞን ደገማቸው። አንዱ "ቡዳ በልቷቸው ነው" አለ፣ ሌላው "ዓሣ ከደጋ ሰው እጅ አይበረክትም" አለ። የሰው አፍ መቼ ሥራ ይፈታል!

ካሰች ግን ምክንያቱን ፍለጋ ገባች። መጀመሪያ የጠላ አተላ ትሰጣቸው ነበርና እሱን ተወች። ከዚያ ከበላይዋ ድንች የሚያለሙትን ሰዎች መድኃኒት የሚረጩበትን ቀን እንዲነግሯት ለመነች፤ በዚያ ቀን ውሃ አታስገባም። ከወረዳ የመጣው ባለሙያ ናሁሰናይ ጥሩ ልጅ ነው፤ ኩሬውን ዞሮ አየና "ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ አትለውጪ፣ የቱ እንዳዳነሽ አታውቂም። ጥቂቶቹን ለይተሽ በጉድጓድ ውሃ አኑሪና እይ" አላት። እንዳለው ጥቂቶቹን በርሜል ውስጥ አኖረች። ለጥምቀት ሰሞን ከኩሬዎቹ እንደገና ብዙዎቹ ሲሞቱ የበርሜሎቹ አንድም ሳይነኩ ቀሩ። ጥፋተኛው ከቦዩ የሚመጣው ውሃ መሆኑ ታወቀ። ታዲያ ያንኑ ውሃ ከብቶቻችን ጠጥተው ምንም አይሆኑም! ሁሌ አይገድል፣ በዓል ሲደርስ ብቻ ይገድላል። እኔ "ተይው አንቺ ሴት፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል" ብያታለሁ። አልሰማችኝም።

የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ሰብሳቢ ይርሳው ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን አንዴ ከተናገረ አይመለስም። የካሰች ኩሬ ሲሞላ ወደ ታችኞቹ ማሳዎች ይወርዳልና ሰው ሁሉ ፈርቷል። "በሽታ ከሆነ ለሁላችንም ነው። አንድ ጊዜ ከደገመ ኩሬው ይደፈናል" ብሎ ቆረጠ። ኩሬው ተደፈነ ማለት ካሰች ዕቃዋን ጠቅልላ ወደ ገበዝ ማርያም ገባች ማለት ነው።

ለአስተርእዮ ማርያም ጥቂት ሲቀረው በጠዋት አጥሬ ላይ መጥታ "ሰርኬ፣ ነይ እይልኝ" አለችኝ። ወረድኩ። ውሃው በሚገባበት አፍ ላይ ጥቂት ነጭ አረፋ ቆሟል፣ ከአረፋው ሥር አልቅት ሞቷል። የከብቶቻችንን ጉሮሮ የሚያደማው ያ የማይሞት አልቅት! ዓሦቹም ማንጋጠጥ ጀምረዋል። ካሰች በሣርና በጭቃ የውሃውን መግቢያ ደፈነችና ቦዩን ተከትላ ሽቅብ ሄደች፤ እኔም እያለከለክሁ ተከተልኳት።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁለት ሥር ቦዩ ዳር እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ተቀምጠዋል። እማሆይ ዓይናቸው የደከመ፣ ወገባቸው የጎበጠ መነኩሲት ናቸው። በዓል በደረሰ ቁጥር የካህናቱን ኩታና ቀሚስ የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው፤ የቀረቻቸው አገልግሎት ይህችው ናት። ሳሙና ሞራ አለበት ብለው መቅደስ የሚገባ ልብስ አያስነኩም። እንዶድ ወቅጠው ነው የሚያጥቡት። እጣቢውንም እግር በሚረግጠው መሬት አይደፉም፣ ወራጅ ውሃ እንዲወስደው ቦዩ ውስጥ ያፈሱታል። እንዶዱ ቀጥኖ ሲወርድ ከብት ምንም አይለው፣ አልቅትና ዓሣ ግን ይፈጃል። ወይ ጉድ! ኩሬዋን የሚጨርሰው የጽድቅ ሥራ ኖሯል።

አፌን ስከፍት ካሰች ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ከእማሆይ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ጋቢ መጭመቅ ጀመረች። ደሜ ፈላ። ጎተት አድርጌ "ዓሦችሽ እየሞቱ አንቺ እዚህ ልብስ ትጨምቂያለሽ?" አልኳት።

"ዘግቼዋለሁ" አለችኝ በሹክሹክታ። "ምን ልበላቸው ታዲያ? አንቱ ነዎት የገደሉብኝ ልበል? ነፍሳቸው ትወጣለች።"

ሲነሡ ብቻ "እማሆይ፣ ይህ ቁልቁለት ይጥልዎታል። ከእንግዲህ ውሃውን እኔ እየተሸከምኩ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድረስ ላምጣልዎ። ለእጣቢውም እዚያው፣ ሰው የማይረግጠው ጉድጓድ እምስልዎታለሁ" አለቻቸው። እማሆይ መረቋት። ያን ዳገት እኔ ባዶ እጄን እንኳ አልወደውም!

መግቢያው ሳይደፈን የገባው ውሃ ግን ሥራውን ሠርቶ ነበር፤ ዓሦቹ ተንሳፈፉ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ማኅበሩ ተሰበሰበ። ካሰችም ተነሥታ "ምክንያቱን አግኝቻለሁ። በሽታ አይደለም፣ ሁለተኛም አይደርስም" አለች።

"ምንድን ነው?" አለ ይርሳው።

"እሱን ይለፉኝ።"

"ሳናውቅ እንዴት እንለፍሽ? ንገሪንና ኩሬሽን አድኚ።"

እኔ ውስጤ እየነደደ ነው፣ ካሰች ግን እንዳልናገር በዓይኗ ትለምነኛለች። ይርሳው አንገቱን ነቀነቀ፤ "እንግዲያውስ እንዳልኩት ነው። ይደፈን" አለ። ካሰች "እሺ" አለች። እሺ! ያን ረግረግ በገዛ እጇ ቆፍራ፣ እሺ!

ይህን ጊዜ ከሴቶቹ መሃል እማሆይ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"ካሰች፣ ውሃ ልሸከምልዎ ያልሽኝ ለዚህ ነው?"

እማሆይ አንድ እርምጃ ቀረቧት።

"የእንዶዴ እጣቢ ነው?"

ካሰች መሬት መሬት ታያለች። እማሆይም ወደ ሰብሳቢው ዞረው "ይርሳው ልጄ፣ የገደልኳቸው እኔ ነኝ። እሷ የእኔን ስም ልትሸፍን ነው ኩሬዋን የምታስደፍነው። የሚከለከል ካለ እኔ ልከልከል፤ ከዛሬ ጀምሮ ልብስ አላጥብም" አሉ።

ያን ጊዜ ካሰች ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ።

"ያጥባሉ! ዓሣ ይተካል፣ እማሆይ። አንቱን በማን እተካለሁ?"

ይርሳው ከመቀመጫው ተነሣና "ኩሬው አይነካም" አለ፤ ቃሉን ሲያጥፍ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "ዳገቱንም ካሰች ብቻዋን አትወጣውም፤ በየተራ እንሸከማለን" ብሎ ጨመረ።

ካሰች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች። እማሆይም እየዳበሱ ሄደው አጠገቧ ተቀመጡ።