ፀጉር ለእንጨቱ ራስ

እትዬ መርፌ በሥራ ዘመናቸው ከያዟቸው ጥገናዎች ሁሉ ከባዱ የተቆጣጣሪው ልብ ነበር። በብስኩት ፋብሪካው ስፌት ክፍል ብቻቸውን ተቀምጠው ሽርጥና ኮፍያ ሲሰፉ ስለኖሩ ሠራተኛው ሁሉ በዚህ ስም ይጠራቸዋል። ተቆጣጣሪውን ደግሞ ፊሽካ ይለዋል። አንገቱ ላይ የምትንጠለጠለው ፊሽካ ሁልጊዜ ከሱ ቀድማ በር የምትገባ ይመስላል።

ችግሩ እንዲህ ነው። ምድጃ ክፍል የሚገባ ሰው ሁሉ ፀጉሩን የሚሸፍን ነጭ ኮፍያ ያደርጋል። ደንቡ ክፋት የለውም፤ ብስኩት ውስጥ የሰው ፀጉር ማግኘት የሚፈልግ የለም። ኮፍያው ሊጡ አጠገብ የወደቀበት ሰው ግን ፊሽካ ይነፋበትና ጆንያ ሊሸከም ወደ ዱቄት መጋዘኑ ይመለሳል። የሚመለሱት ደግሞ ሁልጊዜ ከወንዙ ማዶ የመጡት፣ ፀጉራቸው ጥቅጥቅ ብሎ የሚቆመው ሰዎች ናቸው። ፀጉራቸው ልሙጥ የሆነው የወዲህ ሰዎች ምድጃው ዘንድ ተቀጥረው ምድጃው ዘንድ ጡረታ ይወጣሉ። ለምን ቢባል መልሱን የማያውቅ አልነበረም፤ ፊሽካ ነዋ። ሰውየው አይደብቅም ነበር። «የማዶ ሰው እሱ ራሱ አንድ ቦታ አይረጋ፣ ኮፍያው እንዴት ይርጋለት?» እያለ ነበር የሚነፋው።

እትዬ መርፌ የወዲህ ሰው ናቸው። የአንዲት ልጃቸው ባል ግን የማዶ ነው። ጆንያ ተሸክሞ ተሸክሞ ወገቡ አልታዘዝ ብሎታል፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ ሸክም የሚባል ነገር እንዳትነካ ብሎ አስጠንቅቆታል። ፋብሪካው ደግሞ አዲስ ምድጃ እየተከለ ነው፣ ሰውም ይፈልጋል። አማቻቸው እዚያ ከገባ ሳይሸከም ይሠራል። ካልገባ ሚስቱን ይዞ ሥራ ፍለጋ ሩቅ ሊሄድ ነው፤ እትዬ መርፌም ልጃቸውን በዓመት አንዴ ካዩ ጥሩ ነው።

ስለዚህ የፊሽካን ልብ እንደ ተቀደደ ሱሪ ያዙት። የተቀደደ ነገር ሲመጣላቸው መጀመሪያ የሚፈልጉት ቀዳዳው የጀመረበትን ክር ነው። ሲያጠያይቁ ሰውየው በዕድሜው አንድ ቀን እንኳ ከማዶ ሰው ጋር ማዕድ ቀርቦ እንደማያውቅ ደረሱበት። ክሩ ተገኘ። እሑድ ምሳ ጠሩትና ከአማቻቸው ጎን አስቀመጡት።

እስከ ምሳው እኩሌታ ድረስ ሁለቱም ሳህናቸውን ብቻ ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ መስኮቱ ላይ አንዲት ርግብ አረፈች። ሁለቱም በአንድ አፍ «ክንፏን ታማለች» አሉ። ለካ ሁለቱም ርግብ አርቢዎች ናቸው።

ከዚያ በኋላ ፊሽካን ከቤት ማስወጣት አስቸገረ። ስለ ርግብ ጉንፋን ሊጠይቅ መጥቶ እራት በልቶ ይሄዳል። አማቹ አንዲት ነጭ ርግቡን ከሞት አፋፍ ሲመልስለት ጊዜማ ፈጽሞ ሌላ ሰው ሆነ። እንዲያውም አበዛው። የማዶን ሰው በክፉ ያነሣ ሠራተኛ ሲያገኝ ሥራ አስቁሞ ስለ ሰው ልጅ እኩልነት ይጀምርና ስለ ርግብ አመጋገብ ይጨርሳል። «ስድቡ ይሻል ነበር፣ ቢያንስ አጭር ነው» አለች አንዲት ሊጥ አቡኪ። እትዬ መርፌ ጥገናው አለቀ ብለው እጃቸውን አራገፉ።

አማቹ ለአዲሱ ምድጃ የሚፈተንበት የሙከራ ቀን ደረሰ። ፊሽካ ራሱ በሩን ከፍቶ አማቹን አስገባው። አማቹ ሊጡ ላይ ጎንበስ ሲል ኮፍያው ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ጥቂት አመነታ፣ ከዚያ ሊጡ መሃል ገባ። ፊሽካ መንፊያውን አፉ ላይ አድርጎ ጣራ ጣራውን አየ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ግን ነፋ። የወጣው ድምፅ ቀጭን ነበር፣ የታመመች ርግብ የምታሰማው ዓይነት።

ከዚያ ኮፍያውን ይዞ ስፌት ክፍል መጣና ወንበር ላይ ተዘረፈጠ።

«እትዬ፣ ልቤን ቀይረውታል፣ ይመስገኑ። ኮፍያው ግን እንደ ድሮው ይወድቃል።»

እትዬ መርፌ አላመኑትም። ተንኮሉን አሻሽሎ የመጣ መስሏቸው ውጣልኝ አሉት። ወጣ። ኮፍያው ግን ሊጥ እንደተለወሰ ጠረጴዛቸው ላይ ቀረ። ቤት ወስደው አጠቡት፣ አማቻቸው ራስ ላይ ደፉት፣ ከዚያም ወንበር ስበው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ።

እዚህ ላይ አብረን ቀስ ብለን እንይ፣ ነገሩ እውነትም የሚያስደስት ነው። ልሙጥ ፀጉር ሲጫኑት ይተኛል፣ ኮፍያውም እላዩ ላይ አርፎ ይቀመጣል። ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ሲጫኑት ግን የተኛ መስሎ ይጠብቃል። እጅ ሲነሣለት እንደ ስፖንጅ ወደ ቦታው መመለስ ይጀምራል፤ ኮፍያውንም ይዞት ይነሣል። ባለ ፀጉሩ ጨዋ ይሁን ባለጌ፣ ታታሪ ይሁን ሰነፍ፣ ፀጉሩ አይጠይቅም። አማቹ ጣቱን እንኳ ሳያነቃንቅ ኮፍያው ወጣ፣ ወጣ፣ በጆሮው በኩል ተንከባለለ።

«ጠባብ ነው» አሉ እትዬ መርፌ።

«እኛማ ጠባብ ነው ብለን ተናግረን ነበር።»

«ለማን?»

«ለእርስዎ ነዋ። ‹የጠበበው የፊሽካ ልብ ነው› አሉን።»

በማግስቱ ስፌት ክፍል ሲገቡ ኮፍያው ለምን እንደጠበበ የሚያውቀው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ጠበቃቸው። ከእንጨት የተጠረበ ራስ ነው። በፋብሪካው መሥራች ልክ የተጠረበ ነው፤ መሥራቹ ደግሞ መላጣ ነበሩ። የሚሰፋው ኮፍያ ሁሉ እንጨቱ ላይ ይለካል፣ ልክ ከተቀመጠ ያልፋል። የሚለኩት እትዬ መርፌ ናቸው። ኮፍያውን እየደፉ፣ መላጣውን ቸብ እያደረጉ፣ «ይሁን» ሲሉ ኖረዋል።

ከሁሉ የሚገርመው ይህ ነው። መሥራቹ ስለ ማዶ ሰው ክፉም ደግም አስበው አያውቁም። ጠራቢው የታዘዘውን ራስ ጠረበ። ደንብ አውጪው ንጹሕ ብስኩት ፈለገ። ሰፊዋ አማቻቸውን እንደ ልጃቸው ይወዳሉ። ከነዚህ ሁሉ የማዶን ሰው የጠላ አንድም የለም፤ ሆኖም በአንድ ላይ ሆነው ማዶን በሙሉ መጋዘን ከተውታል። የሚጠላው ፊሽካ ብቻ ነበር፤ እሱም ሲለወጥ ከመጋዘኑ የወጣ ሰው የለም። ፊሽካ ስለሚጮህ ሁሉም እሱን ሲሰማ ኖረ። እንጨቱ ዝም ስለሚል የጠረጠረው አልነበረም።

«ለካ መጋዘን የከተትኩህ እኔ ነኝ» አሉት አማቻቸውን።

«እኔ ደግሞ አማቴ ይወዱኛል እያልኩ ስፎክር ነበር» አለ።

ሳይውሉ ሳያድሩ አናቱ ሰፋ፣ ጥልቀቱ ጨመር ያለ፣ ከኋላው ላስቲክ ያለው ኮፍያ ሰፉ። አማቻቸው ራስ ላይ ደፍተው ሲሞክሩት፣ ወገቡ ስለማያዘልለው ሚስቱ ራሱን በሁለት እጇ ይዛ ናጠችለት፣ ከተጋቡ ጀምሮ ምክንያት ስትፈልግ የኖረች ይመስል። ኮፍያው ንቅንቅ አላለም።

ከፊሽካ ጋር ሆነው እንጨቱንም ኮፍያውንም ይዘው ወደ ጥራት ክፍል ኃላፊው ሄዱ። ኃላፊው አዲሱን ኮፍያ እንጨቱ ላይ ሲደፋው እስከ አገጩ ወረደ። መሥራቹ ከጆንያ ውስጥ የታሠሩ መሰሉ።

«አላለፈም» አለ ኃላፊው በትሕትና። እሱ ራሱ የማዶ ሰው ነው፣ በየማለዳው ራሱን ይላጫል። «እኔ ተላጨሁ፣ ኮፍያው ልክ ሆነኝ። እነሱም ይላጩ።»

«ሴቶቹንም?» አሉት እትዬ መርፌ።

 ፊሽካ ኮፍያውን አውልቆ ትከሻው ላይ የሚደርሰውን ልሙጥ ፀጉሩን ፈታው።

«እኔን በዚህ ሁሉ ዓመት ተላጭ ያለኝ ሰው አለ?»

ኃላፊው የተላጨ አናቱን በመዳፉ ዳበስ ዳበስ አደረገ። ነገሩ እንደገባው ያስታውቅ ነበር፤ ግን ደንቡ በመለኪያው ራስ ላይ ልክ የተቀመጠ ኮፍያ ብቻ ያልፋል እንደሚል፣ ሌላ ራስ ማስጠረብም የዋናው መሥሪያ ቤት ሥልጣን እንደሆነ አስረዳቸው። ዋናው መሥሪያ ቤት እስኪወስን አዲሱም ምድጃ ያረጃል።

እትዬ መርፌ እንጨቱን ታቅፈው ለመውጣት ተነሡና በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ደንቡ መለኪያው ራስ መላጣ ይሁን ይላል?»

ኃላፊው ብዙ አሰበ። «አይልም» አለ፣ ፈገግታውን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞሮ።

አሁን ስፌት ክፍሉ ውስጥ የተያዘው ሥራ ይህ ነው። እትዬ መርፌ ለእንጨቱ ከሱፍ ክር ፀጉር እየሠሩለት ነው። ፊሽካ አዲሱ ምድጃ ገና መድረቅ አለበት እያለ የአማቹን ቦታ ክፍት አቆይቷል፤ ግን አንድ ምድጃ ስንት ጊዜ ይደርቃል? ኃላፊው አዲሱን ኮፍያ እንደገና ሊለካ አርብ ይመጣል። እስከዚያ ድረስ ሱፉ የድሮውን ኮፍያ ገፍቶ መጣል፣ አዲሱን ደግሞ በልኩ መሸከም አለበት። የመጀመሪያው ሱፍ ለስላሳ ሆኖ ተኛ። ሌላው ደርቆ ኮፍያውን እንደ ቅርንጫፍ ያዘው።

አማቹ ከእንጨቱ ጎን ተቀምጧል። ፊሽካ ክሩን በሁለት ክንዱ ዘርግቶ ይዟል። እትዬ መርፌ ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ እጃቸውን አማቻቸው ፀጉር ላይ፣ አንዱን ሱፉ ላይ ያሳርፉና ይጫናሉ።

«ያንተ ይገፋል» ይላሉ። «የሳቸው ገና ይለምናል።»

ጨምረው፣ አጥብቀው፣ የድሮውን ኮፍያ ይደፉበታል። ፊሽካ መንፊያውን አፉ ላይ አድርጎ ይጠብቃል፤ በሕይወቱ ኮፍያ እንዲወድቅ የጸለየው ገና አሁን ነው። ኮፍያው ይነሣል፣ ዘንበል ይላል፣ የመሥራቹ ጆሮ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ፊሽካ መንፊያውን ካፉ ያወጣል።

«ትንሽ ነው የቀረው፣ እትዬ።»

እትዬ መርፌ ክሩን ይተረትሩና እንደገና ይጀምራሉ።