ያልተጠየቀው ሾፌር

ልጅ ሳለሁ ተረት መስማት ለእኔ ጨዋታ ሳይሆን ሥራ ነበር፤ ሥራውንም የሰጠኝ አባቴ ነው። «አንቺ አባባን ይዘሽ ተቀመጪ፤ ያጫውቱሽ፤ ብቻ ወደ መኪናዋ እንዳይመጡብን» ይለኝና እጅጌውን ሰብስቦ ከሞተሩ ሥር ይገባል። ያኔ እህቶቼ በረንዳው ላይ ገመድ ሲዘሉ፣ እኔ በአሥር ዓመቴ ከአንድ ሽማግሌ ፊት ተተክዬ በየአረፍተ ነገሩ መጨረሻ «ኤዬ» እላለሁ። በእኛ አገር ተረት ሲወራ ሰሚው «ኤዬ» ካላለ፣ ተራኪው ወይ ተኝታለች ወይ ንቃኛለች ይላል። ስለዚህ ሳልሰማም ቢሆን «ኤዬ» ማለትን ቶሎ ለመድኩ።

ቤታችን ነገሌ ቦረና ነበር። አባቴ አስተማሪ ነው፤ እናቴ ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች። የአባቴ አባት ጋልጋሎ፣ እኛ «አባባ» የምንላቸው፣ የሞያሌን መንገድ ሲነዱ የኖሩ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ዓይናቸው ሲደክም መሪውን ተዉት፤ መኪናቸው ግን ከግቢያችን አልወጣችም። ፊቷ ጠፍጣፋ፣ ጋቢናዋ ሰማያዊ የነበረች፣ ጣሊያን ሠራሽ አሮጌ ኤንትሬ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ ዶሮዎቻችን ከሥሯ እንቁላል ሲጥሉ ከረሙ፤ እናቴም ልብስ ታሰጣባት ነበር።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ነገሌን ነክቶ ከዳዋ ወንዝ ማዶ ያለውን አሬሮን ዘለለ። የአባቴ ታላቅ እህት አክስቴ ዳኪ ያኔ አሬሮ ነበረች፤ ባሏ ከሞተ በኋላ ከጥቂት ከብቶቿ በቀር ምንም አልነበራትም። ውሃው ከጉድጓድ ይገኛል፤ ሣሩ ግን አልቋል። እኛ ጋ ሣር ስለነበረ ዘመዶቻችን አጭደው ግቢያችን ውስጥ ቆለሉት። ችግሩ መጫኛው ነው። በዚያ ሰሞን ወደ አሬሮ የሚወርድ መኪና ሁሉ የእርዳታ እህል ይዞ ስለሚሄድ ለሣር ቦታ የሚሰጥ አልተገኘም። አባቴ ሁለት ቀን ለምኖ ሲያቅተው ኤንትሬዋን አስነሣለሁ ብሎ ተነሣ።

ቦረና ከብቱን አይቆጥርም። አክስቴም ስንት እንደቀሩላት ልካብን አታውቅም፤ የምትልከው ስም ነበር። ለገበያ የሚመጣ ሰው በራችን ላይ ቆሞ፣ ሰላምታውን ጨርሶ፣ «ዳኪ ‹ቡሬ መነሣት አቅቷታል› ብላለች» ይለናል። ቡሬ ዥጉርጉሯ ላም ናት። ከሦስት ቀን በኋላ ሌላ ሰው ይመጣና «ቡሬ ሄደች፤ ዳለቻም ደክማለች» ይላል። ዳለቻ ግራጫዋ ናት። ሁሉንም በመልካቸው አውቃቸው ነበር።

መኪናዋን ለማስነሣት ሁሴን የሚባል ሞያሌ ያደገ መካኒክ መጣ። ባትሪ ተቀየረ፣ ጎማ ተለጠፈ፣ ፍሬኑ ተፈታ፣ ከመቀመጫው ሥር አንድ ቤተሰብ አይጥ ተባረረ። በስድስተኛው ቀን ሞተሩ ተነሣ። ጭሱ ሰፈሩን አጠቆረው፣ ሰው ሁሉ ከየቤቱ ወጣ፣ አባቴ እጁን በሱሪው እየጠረገ ሳቀ። ከዚያ አሥር ደቂቃ ያህል ሠርታ ትን እንዳለው ሰው አሳላትና ጠፋች።

ያ መጥፋቷ ነው የአንድ ወር ዕድሜያችንን የበላው። ስትጠፋ ቁልፉን ስንት ጊዜ ብታዞርባት አትነሣም። ተስፋ ቆርጠው ትተዋት አንድ ሰዓት ስትቆይ፣ ምንም እንዳልነካው ሰው ብድግ ብላ ትነሣለች፤ አሥር ደቂቃ ሠርታ ትጠፋለች። ሁሴን «አየር ስባለች» ብሎ ከናፍጣው መስመር አየር አስወጣ። ጠፋች። ፊልትሮውን ቀየረ። ጠፋች። ፖምፓውን ፈትቶ በእናቴ ትልቅ ትሪ ላይ ዘረጋው፤ እናቴ ያንን ትሪ ዳግመኛ ለምግብ አልተጠቀመችበትም። ቱቦዎቹን በአፉ እየነፋ ናፍጣ ሲተፋ ዋለ። ናፍጣው የሚጠራቀምበትን ሰልባትዮም ከታች ያለውን ቡሎን ፈትቶ አንጠባጠበውና፣ ጠርቶ ሲወርድ አይቶ «ይሄ ንጹሕ ነው» ብሎ አሰረው። አሁንም ጠፋች።

በዚህ ላይ አማካሪው። በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ የተከፈተ ሞተር ሲያይ ጎራ ይላል፤ ጎራ ያለን ሰው ደግሞ ዝም ማለት ነውር ነው። «አካም፣ ናጋ?» ተብሎ ሰላም ተጠይቆ፣ ከብቱ፣ ልጆቹ፣ ዝናቡ፣ መንገዱ ሁሉ ተጠይቆ ሲያልቅ ምክሩ ይመጣል። አንዱ ሙቀት ነው ይላል፣ አንዱ የሰው ዓይን ነው ይላል፣ አንዱ ደግሞ መኪና ነድቶ ሳያውቅ «እኔ ብሆን ሞተሩን በሙሉ አወርደው ነበር» ይላል። አባቴ ቁልፉን ይዞ ቆሞ ሁሉንም በትዕግሥት ይሰማ ነበር። ምክሩን ያልጠየቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የገዛ አባቱን።

እናቴ ይህን አስቀድማ ብላው ነበር። «አባትህን ለምን አትጠይቃቸውም? ዕድሜያቸውን ሙሉ የነዷት እሳቸው ናቸው» ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«ምን ብዬ?» አላት፤ «ምን አድርገውባት ነው የተበላሸችው ብዬ አባቴን ልክሰስ?»

አያቴም በበኩላቸው ኩርፊያ ላይ ነበሩ። መኪናቸው ስትከፈት «ልንከፍታት ነው» ያላቸው የለም። እሳቸውም ሳልጠየቅ አፌን አልከፍትም ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባቸውን ወደ መኪናዋ አድርገው ተቀመጡ። አንዱ እንዳይከስ፣ ሌላው እንዳይዋረድ፣ ሁለቱ ተከባብረው የአክስቴን ከብት ጨረሱ። ዛሬም ሳስበው ያበሽቀኛል።

ከእሳቸው ጋር የቀረሁት እኔ ነኝ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናቴ የግራር ፍሙን በረንዳው ጥግ ታደርግልናለች፤ ፋኖሱ አባቴ ዘንድ ስለሚሆን የእኛ ብርሃን ያ ፍም ብቻ ነበር። የግራሩ ጭስ ከናፍጣው ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ጉሮሮዬን ሲቧጥጠኝ፣ ከወዲያ የሁሴን መዶሻ ሲንኳኳ፣ ከወዲህ አያቴ ድምፃቸውን ከመዶሻው በላይ ከፍ አድርገው የሚያወሩት ሁሉ ይታወሰኛል። ቀበሮና ጅብ፣ ዝሆንና ጥንቸል እንዲያወሩልኝ እመኝ ነበር። እሳቸው ግን ተረታቸው ሁሉ መንገድ ነው፤ ጀግናዋም ያቺው ኤንትሬ ናት።

ከሁሉም የሚወዱት የሻሹን ተረት ነበር። ከሜጋ ወዲህ ሽፍታ ፈርተው ሲበሩ የሰልባትዮው ክዳን ወደቀ። አቧራ ናፍጣው ውስጥ እንዳይገባ፣ አብራቸው የነበረችውን ሚስታቸውን፣ ሴት አያቴን፣ ቀይ ሻሿን ከራሷ ላይ አስፈቷት። ጠቅልለው በቀዳዳው ከተቱት፤ በዱላቸውም ጠቀጠቁት። «አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ!» ይሉኛል ዱላቸውን ወደ መሬት እየሰበቁ። ሞያሌ ሲደርሱ ሻሹ የለም። «መንገዱ በላው» ይሉና እስኪያስነጥሳቸው ይስቃሉ። ሴት አያቴ እስክትሞት ድረስ ሻሿን ስትጠይቃቸው ኖራለች። ከዚያ ወዲያ መኪናዋ ቶሎ እየደከማት እንደሆነ፣ ሲደክማት አቁመው ሻይ እየጠጡ እንደሚያሳርፏት፣ ካረፈች እንደምትነሣ ያወሩልኛል። «እንደ ላም ናት፤ ከአቅሟ በላይ አትነዳም፣ ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። እኔም «ኤዬ» እላለሁ። ቢያንስ አሥር ጊዜ «ኤዬ» ብያለሁ።

በዚህ መሃል ሣሩ ሁለት ጊዜ ተጫነ። ሁለቱንም ጊዜ ከተማው ዳር ያለች ትንሽ ዳገት ላይ ጠፍታ፣ በትራክተር ተጎትታ፣ ሣሯን እንደ ተሸከመች በገበያተኛው መሃል ተመለሰች። ሁሴን «ስታርፍ ትነሣለችና እያሳረፍን እንሂድ» ሲል አባቴ እንቢ አለ። ወደ ዳዋ ወንዝ የሚወስደው ቁልቁለት ላይ ሞተር ከጠፋ ፍሬኑም አይታመንም።

ሁለተኛ በተመለሰች ማግስት አንድ ጨው ነጋዴ መልእክት አደረሰን። «መጋላ ሄደች።» መጋላ ቀይ ዳማዋ ናት። አሬሮ ስሄድ ወተቷን እየጠጣሁ ነው ያደግሁት፤ አክስቴም የመጀመሪያ ጥጃዋን በእኔ ስም ነው የጠራችው። አላለቀስኩም፤ ተናደድኩ። በእግዚአብሔርም፣ በመኪናዋም፣ በሁሴን መዶሻም ተናደድኩ። በዚያው ምሽት አያቴ ምንም እንዳልተፈጠረ ጉሮሯቸውን ጠርገው የሻሹን ተረት ሲጀምሩ በእሳቸውም ተናደድኩ። «አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ» አሉ። እኔ «ኤዬ» አላልኩም።

«አባባ፣ ወደ ውስጥ የጠቀጠቁት ጨርቅ እንዴት ወደ ውጭ ይወድቃል?» አልኳቸው።

የትልቅ ሰው ወሬ ማቋረጥ እኛ ቤት ያስገርፋል። እናቴ ከውስጥ ሆና «አንቺ!» ስትል ሰማኋት። አያቴ ዱላቸውን እንደ ሰበቁ ቀሩ።

«መንገዱ በላው አልኩሽ እኮ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ግን ቀጥኖ ነበር።

«መንገድ ሻሽ አይበላም» አልኩ።

አያቴ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡና፣ ስንት ቀን ሙሉ ጀርባ ወደ ሰጧት መኪና ሄደው ሰልባትዮውን ሁለት ጊዜ መቱት።

«ጃርሶ» አሉ አባቴን፤ «ይሄን አውርዱት።»

ሁሴን ከሥር ብቅ ብሎ «አባባ፣ እሱን አይተነዋል፤ ንጹሕ ነው» አላቸው።

«አውርዱት አልኩ።»

አወረዱት። ገለበጡት፤ ከናፍጣ በቀር የወጣ የለም። ሁሴን ሽቦ አጠፈና በቀዳዳው አስገብቶ ማማሰል ጀመረ፤ አባቴ ፋኖሱን አስጠግቶ ያዘለት። በመጨረሻ አንድ ጥቁር ነገር ሽቦው ላይ ተጠምጥሞ ወጣ። ቀይነቱ ከየት ይምጣ፤ ጫፉ ላይ የነበረው ዘርፍ ግን አለ። ሁሴን መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ያዘ። ሞተሩ ሲሠራ ናፍጣው ጨርቁን ይስበውና የቱቦውን አፍ ይደፍነዋል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ጨርቁ ይለቅና ይንሳፈፋል። ከታች ሲያንጠባጥቡት ደግሞ እሱ ከላይ ተንሳፍፎ ስለሚቀር ናፍጣው ጠርቶ ይወርዳል። አንድ ወር ሙሉ የፈታነው ፖምፓ፣ የነፋነው ቱቦ፣ የሰማነው ምክር ሁሉ በአንድ ሻሽ ምክንያት ነበር። አያቴ ሻሹን ጨመቁትና ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

በማግስቱ ጠዋት ወጣን። አባቴ ነዳ፤ አያቴ «እሷም ትምጣ» ስላሉ እኔ ጋቢናው ውስጥ መሃል ተቀመጥኩ። ዳገቷን አለፍናት፣ ዳዋን ተሻገርን፣ መኪናዋ አንዴም አላሳላትም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። በየኪሎ ሜትሩ ግን ይህንን መንገድ ከአንድ ወር በፊት ማለፍ እንችል ነበር እያልኩ ጥርሴን ነክሼ ነበር የሄድኩት።

አክስቴ ዳኪ የመኪናዋን ድምፅ ከሩቅ አውቃው አጥሯ ጋ ቆማ ጠበቀችን። ከኋላዋ አራት ከብቶች ቆመዋል፤ እኔ ነውሩን እያወቅሁ ቆጠርኳቸው። ወደ ሣሩ አልሮጠችም። መጀመሪያ የአባቷን እጅ ስማ፣ ናጋ ጠይቃ፣ ናጋ መልሳ፣ እኔንም ግንባሬን ስማኝ፣ ከዚያ ነው የጠየቀችው።

«ምን አቆያችሁ?»

አያቴ ናቸው የመለሱት። «ሰልባትዮው ውስጥ ጨርቅ ነበር።»

«ማን ከተተው?»

«እኔ።»

«መቼ አወቁት?»

«ይቺ ልጅ ስትጠይቀኝ።»

አክስቴ ከአባቴ በላይ ሐዘንተኛ ስለነበረች ከአባቴ በላይ ደፋር ሆነች። «ከዚያ በፊትስ አያውቁም ነበር፣ አባባ?» አለቻቸው።

አያቴ ከጭነቱ አንድ እቅፍ ሣር መዝዘው፣ ያለ ዱላቸው እየተንገዳገዱ ወደ ከብቶቹ ሄዱ፤ እያንዳንዳቸውንም በእጃቸው አጎረሷቸው። አክስቴ ደግማ አልጠየቀችም።

አራቱ ከብቶች ተረፉ፤ የአክስቴ በረትም ከእነሱ እንደገና ተነሣ። አያቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ፤ ተረታቸውንም አላቋረጡም፣ የሻሹን ግን አንድ ቀን እንኳ አላነሡትም። ዛሬ እኔ እንደ እናቴ ክሊኒክ ውስጥ እሠራለሁ። የታመመ ሽማግሌ ይዘው መጥተው ልጆቹ በይሉኝታ ነገሩን ሳይጠይቁ ዙሪያውን ሲዞሩ ትዕግሥቴ ያልቃል፤ «ምን ጠጡ? ማን ሰጥቶዎት?» ብዬ ፊት ለፊት እጠይቃለሁ፤ ባለጌ የሚሉኝም አሉ።

አክስቴ የጠየቀችው ጥያቄ ግን አልተመለሰም። አውቀው፣ ስላልጠየቋቸው ብቻ ዝም ብለው ከሆነ፣ መጋላን የገደላት ኩርፊያቸው ነው። ሳያውቁ ከሆነ ደግሞ እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ሽማግሌውን በሆዴ ስወነጅል በድያቸዋለሁ ማለት ነው። ለመጠየቅ ስንት ምሽት ነበረኝ፤ እሳቸውና እኔ ብቻ ሆነን፣ ፍሙ በመካከላችን፣ ጥያቄው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ። እስኪሞቱ ድረስ ግን አልጠየቅኳቸውም። እኔም አባቴ እንዳከበራቸው አከበርኳቸው።