የተጨበጠው የጋሼ እጅ

ጋሼ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ መባ ሲሰበሰብ እጃቸውን ጨብጠው ነበር ቅርጫቱ ውስጥ የሚያስገቡት። «ሁላችሁም ጨብጣችሁ አስገቡ፤ ባዶ እጁን የመጣ ሰው እንዳያፍር» ይሉን ነበር። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ፌርፋክስ ያለችው ትንሿ የሜቶዲስት ጉባኤያችን በዚህ ልማድ ኖረች።

በኋላ መሪዎቻችን ስለ ልግስና የሚያሠለጥን አማካሪ ቀጠሩ። ማይክ ይዞ፣ «ሶ፣ ፕሌጅ የምታደርጉ፣ ይህን ያህል እሰጣለሁ ብላችሁ ቃል የምትገቡ፣ ተነሡ!» አለ። ከሥራ የወጣችው ጎረቤታችን አቀርቅራ ስትቀር፣ ጋሼም ሳይነሡ አብረዋት ተቀመጡ። «ኦኬ ጋሼ፣ አንተስ? ከበደህ እንዴ?» አላቸው። አንተ ብሎ! ሰውም ሳቀ። ከዚያ እሑድ ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ በሩ አጠገብ ነበር የሚቀመጡት።

በቀል የጌታ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ባለፈው እሑድ፣ በመታሰቢያቸው ላይ፣ ያው አማካሪ ከጎኔ ተቀምጦ «እህቴ፣ በስማቸው ፕሌጅ እናስደርግ፤ የሰው ልብ ተነክቷል» ሲለኝ ማይኩን አነሣሁ።

«ኦኬ፣ ከአንተ እንጀምር። ተነሥና ተናገር፣ ስንት? ከበደህ እንዴ?» አልኩት በሰው ሁሉ ፊት። ፊቱ ዐመድ መሰለ። ደስ አለኝ፤ አሁንም ደስ ይለኛል።

ከዚያ ቅርጫቱን ራሴ ይዤ ዞርኩ። በሩ አጠገብ ያለውን ባዶ ወንበር አልፌ መጥቼ እሱ ፊት ቆምኩ፤ ባዶ እጁን ላይበት ፈልጌ ነበር። እሱ ግን እንደ ሁሉም ሰው እጁን ጨብጦ አስገባ። ምን እንደያዘ አላወቅሁም።

ጋሼ፣ ለእሱም ከለላ ሆኑለት። እኔ ግን ገና ይቅር አላልኩም።