ሰፌድ ላይ የተዘቀዘቀው ላፕቶፕ

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ በበረታበት ሰሞን የሰበታ መንገድ በድንጋይ ተዘግቶ፣ ሰማዩ በጎማ ጭስ ጠቁሮ ነበር። ልጄ የመመረቂያ ጽሑፏን ልትጨርስ ከዩኒቨርሲቲ ቤት መጥታ ነበር። አንድ ቀን ቤት ለቤት ፍተሻ አለ፣ የተማሪ ስልክና ላፕቶፕ ይወስዳሉ የሚል ወሬ መጣ። ባለቤቴ ገበሬ ነው። ላፕቶፑን በነጠላዬ ጠቀለለና የጤፉ ማዳበሪያ ውስጥ ቀበረው።

ፈታሽ አልመጣም። ነገሩ ረገብ ሲል ልጄ ላፕቶፑን አውጥታ አራገፈችና ቁልፉን ተጫነችው። መብራቱ በራ፤ ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንድ መስመር ጽሑፍ ብልጭ አለ፤ ጠፋ። ደገመችው፤ ያው ነው።

"ፍላሽ ላይ አልገለበጥሽውም?" አልኳት።

"የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ነው ያለው፣ እማዬ። ሌላው ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው።"

ማስረከቢያው ቀርቧል። አዲስ አበባ ወስደን እንዳናሠራው መንገድ ዝግ ነው፤ ሰው እንዳትጠይቅ ኢንተርኔት የለም። እኔ ወደ እመቤቴ ሥዕል ዞርኩ።

ባለቤቴ ሲጨንቀው ይቀልዳል። "እንደ አይሱዙ ቁልቁለት ላይ ገፍተን ብናስነሳውስ?" አለ።

"ገፊው አንቱ ከሆኑማ ተፍኪ ሳይደርስ አይቆምም" አለችው።

ገመዱን ነቀለች፤ ባትሪውን አወጣች፤ ቁልፉን ተጭና ትንሽ ቆየችና መልሳ ገጠመች። አልሆነም። ከዚያ ያቺን አንድ መስመር አንብባ እስክትጨርስ ደጋግማ አስነሳችው።

"ፋኑ አይዞርም ነው የሚለው። ማራገቢያዋ ናት፤ እሷ ካልዞረች እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል።"

ጆሮዋን አስጠግታ ነቅነቅ አደረገችው። ውስጡ ሿ አለ።

ሦስታችንም ድምፁን አወቅነው። ባለቤቴ ቀስ ብሎ ተነሳና ወደ በሩ ሄደ። ጤፍ ሲዘራና ሲወቃ የኖረ ሰው፣ ጤፍ የማይገባበት ቀዳዳ እንደሌለ ጠፍቶት አይደለም፤ ፍርሃት አስረስቶት ነው።

"አባባ፣ የት ይሄዳሉ?" አለችው ልጄ። "ሰፌድ ያምጡልኝ እንጂ! የጤፍ ነገር ያለ እርስዎ ይሆናል?"

ተመለሰ።

ከስፌት መኪናዬ መሳቢያ ትንሿን ካቻቢቴ ሰጠኋት፤ የጀርባውን ክዳን ፈታች። እኔ የስልኬን መብራት ያዝኩላቸው። እሱ ላፕቶፑን ሰፌዱ ላይ ዘቅዝቆ በጣቱ ጫፍ መታ መታ ያደርገዋል፤ ጤፉ ይረግፋል። እሷ ማራገቢያዋ ውስጥ የተሰነቀረውን በመርፌ ትለቅማለች። "ቀስ፣ ኢንታላ ኮ" ይላታል፤ ልጄ ብሎ ሲያቆላምጣት ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው። "ለምን እዚያ ከተቱት?" የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። እኔ በእሷ ዕድሜ ብሆን ይወጣኝ ነበር።

ክዳኑን ገጠመችና ቁልፉን እንዲጫን ለአባቷ ሰጠችው። አማተብኩ። ማራገቢያዋ እዝዝ አለች፤ ስክሪኑ በራ፤ ጽሑፏ እንዳለ ተከፈተ። ወዲያው ፍላሽ ላይ ገለበጠችው። "ተመስገን" አልኩ።

ባለቤቴ ሰፌዱን አንስቶ አየው። "ይሄስ የተማረ ጤፍ ነው፤ ከሌላው አይቀላቀልም" አለ።

"ለዘር ያስቀምጡታ!" አለችው፤ ሁለቱም ሳቁ።

መንገዱ ሲከፈት ሄዳ በቀኑ አስረከበች፤ ተመረቀችም። በጸሎቴ ስለ እሷ ሳመሰግን ግን መጀመሪያ ፊቴ ድቅን የሚለው ያ ሰፌድ ነው።