የታደሰ የቀን እንቅልፍ

ታደሰና እኔ አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ሥራ የመስኮት ላስቲክ መለጠፍ ነበር። ዉድበሪ ባለው ቤታችን፣ ብርዱ ሳይገባ፣ እሱ ላስቲኩን ይዞ፣ እኔ እንዲወጠር በፀጉር ማድረቂያ እያሞቅሁ፣ "ቀስ በይ፣ ጣቴን ጠበስሽው!" እያለ ይጮህብኝ ነበር። ላስቲኩ የሚነሳበት ጊዜ ሲደርስ እሱ አልነበረም። በዚህ ጸደይ ብቻዬን ስልጠው የመጀመሪያው የሚኒሶታ ክረምታችን ትዝ አለኝና ሳላስበው ሳቅሁ። ከቀብሩ ወዲህ እንዲያ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው።

ያኔ ከተጋባን ዓመት አልሞላንም። የተከራየነው አፓርትመንት ቧንቧው ፈንድቶ ውሃ አጥለቅልቆት ነበርና እስኪጠገን ማደሪያ አጣን። እትዬ ለተ የሚባሉ፣ አስመራ ላይ በአማርኛ የተማሩ ባልቴት ኮሎምቢያ ሃይትስ ይኖሩ ነበር። ቤታቸው በልጅ ልጆች ሙሉ ነው። ግቢያቸው ውስጥ ግን ልጃቸው በበጋ ዓሣ ለማጥመድ የሚጎትተው አርቪ ቆሟል፤ ጎማ ያለው ቤት ማለት ነው፣ አልጋውም ምድጃውም አንድ ላይ የታጨቀበት። "በረዶ ከሚኖርበት እናንተ ኑሩበት" ብለው ቁልፉን ሰጡን።

እኔ ወደድሁት። ለሙሽራ ጠባብ ቤት ምን ይጎዳል? ሽሮ በሠራሁ ቁጥር መስኮቶቹ ያልባቸዋል፤ ላቡም ይረጋና ጠዋት ሽሮ ሽሮ የሚል በረዶ በማንኪያ እፍቃለሁ።

ችግሩ ማሞቂያው ነበር። ከአልጋው ሥር ተቀምጦ፣ በጋዝ የሚነድ፣ በተነሳ ቁጥር ወለሉን የሚያንቀጠቅጥ። ታደሰ ሌሊት ታክሲ ይነዳል፣ ቀን ይተኛል። ልክ ዓይኑ ሲከደን ማሞቂያው ይጮሃል። መጀመሪያ ላይ ይቀልድ ነበር፤ "አልሚ፣ ቀበቶሽን እሰሪ፣ ልንነሳ ነው" ይለኛል። ዞር ሲል ደግሞ፣ "እንዲህ ስንበር እኮ እስካሁን ቦሌ በደረስን ነበር።"

አንድ ጠዋት ግን ፊቱ ገርጥቶ ገባ።

"ፕሊማውዝ ከተማ፣ ቀይ መብራት ላይ ተኛሁ" አለኝ። "ተሳፋሪው ነው ትከሻዬን የነቀነቀኝ። 'ግሪን ሆኗል' አለኝ።"

ሊያስቀኝ ፈልጎ ነበር። እኔ ያየሁት ግን መብራት የሌለበትን አውራ ጎዳና ነው፤ እዚያ ቢተኛ የሚነቀንቀው ማን ነው?

"እንዲህ ሆነህ ድራይቭ አታደርግም!"

"ታዲያ ማን ያድርግ፣ አንቺ?"

እኔ መንዳት አልችልም። እንቅልፉን ግን ላመጣለት ማልሁ።

እትዬ ለተን አማከርኋቸው። ገና አርቪው ውስጥ እንደገቡ እጃቸውን በየግድግዳው ዳበሱና፣ "ወይ ጉድ! ጓለይ፣ ልጄ፣ በነፋስ መሐል ነው እንዴ የምትተኙት? ይኼ ወገብ ይይዛል፣ ጎን ይወጋል!" አሉ። በእኛ ዘንድ ቀዳዳ ከታየ ይደፈናል፤ ክርክር የለውም። ጨርቅ፣ ካልሲ፣ አሮጌ ትራስ ይዘው መጡ። የጭስ መውጫው ውጭ ስለሆነ፣ ደግነቱ፣ አልነካነውም። ከአልጋው ሥር ወደ ማሞቂያው የሚያሳይ ባለ ብዙ ቀዳዳ ብረት ነበር፤ ጩኸቱ በዚያ ነው የሚወጣው። እሱን በእናቴ ጋቢ አራት እጥፍ አድርገን ጠቀጠቅነው።

ጸጥ አለ! ታደሰ ተጋደመና ወዲያው እንቅልፍ ይዞት ሄደ። እትዬ ለተ በሩ ላይ ቆመው በኩራት አዩኝ፤ "ሥራ ማለት ይህ ነው።"

ገና ምሳ ሳይደርስ ትንፋሼ መታየት ጀመረ። የማጠቢያው ውሃ በረዶ ሆኖ ቆመ። ታደሰ ካፖርቱን ደርቦ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ተነሳና፣ "ምነው፣ አውሮፕላኑ ተከሰከሰ?" አለ።

ጋዙ አላለቀም። ማሞቂያው ግን አልነሳ አለ። እትዬ ለተን ጠራኋቸውና፣ ተስፋ ቆርጬ ጋቢውን ጎትቼ አወጣሁት። ጥቂት ቆይቶ ማሞቂያው አጓራ፤ ያን ጊዜ የነጠላዬ ጫፍ ሳብ ብሎ ሄዶ ብረቱ ላይ ተለጠፈ። ባስለቅቀው ተመልሶ ተለጠፈ።

"እትዬ፣ ይኼ ነገር በዚህ ነው የሚተነፍሰው!" ብዬ ጮህሁ። አፉን ስንይዘው በራሱ ሙቀት ታፍኖ ጠፍቷል።

"እሳት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሚተነፍሰው?" አሉና ነጠላዬን ራሳቸው አስጠግተው ሞከሩ። ሳበባቸው። "በስመ አብ!"

ጋቢውን መልሼ አልጠቀጠቅሁትም። ታደሰ ሳንቃ በወፍራም ምንጣፍ ለበጠና ከብረቱ ፊት፣ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ትቶ አቆመው፤ አየሩ በጎንና በጎን ይገባል፣ ጩኸቱ ምንጣፉ ላይ ይቀራል። የሚንቀጠቀጠው የማሞቂያው እግር ሥር ጎማ አደረግን። የአርቪውን ሆድ ከፍተን ስናይ የሞቀውን አየር የሚወስደው ቱቦ ተቀዷል፤ ለካ ስንት ቀን ከወለሉ በታች ያለውን ብርድ ስናሞቅ ኖረናል! እሱን በብረት ፕላስተር ጠቀለልነው። ከውጭ በአርቪው ዙሪያ፣ ከጭስ መውጫው አርቀን፣ የገለባ እስር ደረደርን። እትዬ ለተ "አሁን ላም ብቻ ነው የቀራችሁ" አሉ።

ማሞቂያው ከዚያ በኋላ ቶሎ ቶሎ አይነሳም፤ ሲነሳም ሩቅ እንዳለ መኪና ነው። በማግስቱ ታደሰ ተኝቶ ሳለ እትዬ ለተ ጆሯቸውን አቅንተው፣ "አልጠፋም እንዴ ጩኸቱ?" አሉኝ።

"ማሞቂያው አይደለም እትዬ፣ እሱ ነው።"

ሁለታችንም አፋችንን በነጠላ ይዘን ሳቅን። ያን ቀን የሰማሁት ማንኮራፋት ከዘፈን ይጥመኝ ነበር፤ ሌሊቱን በደህና እንደሚመለስልኝ የነገረኝ እሱ ነውና።

ከዚያ ወዲያ ታደሰ ጡረታ እስኪወጣ ሌሊት ሠራ። ልጆቻችን በሹክሹክታ እየተጫወቱ አደጉ። እኔም ቀን ቀን ድስት ሳስቀምጥ ከሥሩ ፎጣ አደርጋለሁ፣ ስልክ ሲደወል ውጭ እወጣለሁ፤ ጡረታ ከወጣ በኋላም ልማዱ አልለቀቀኝም። ያ ዘብነት ደስታዬ እንደነበረ የገባኝ አሁን ነው፤ አንድ ሰው በደህና እንዲተኛ ማድረግ ትልቅ ሥራ ነው፣ ሠርቼዋለሁም።

አሁን በቀትር ሽንኩርት ስከትፍ ሬዲዮ እከፍታለሁ፣ ከፍ አድርጌ።