የገረመው የማክሰኞ ምሳ

ገረመው በሳምንት አንድ ቀን፣ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ በስደት በሚኖርበት ከተማ፣ ኖርዝ ዮርክ ሰፈር ካለች አንዲት ጠባብ የጃፓን ኑድል ቤት ምሳውን ይበላል። ጠዋት ቢሮ ሲያጸዳ ያረፍድና፣ ከሰዓት ፓርኪንግ ጥበቃ እስኪገባ ያለችው አርባ ደቂቃ የራሱ ናት። የምሳ ስፔሻሉ አሥራ ሦስት ዶላር ነው፤ የዶሮ መረቅ፣ ኑድል፣ ግማሽ እንቁላል። ዘንድሮ በዚህ ዋጋ የሚያጠግብ ነገር የት ይገኛል? የመብያ እንጨቱ፣ ቾፕስቲኩ፣ አልሆንለት ስላለ ሹካ ያመጡለታል፤ ማንም ምንም አይለውም።

እውነቱን ለመናገር የወደደው ዝምታቸውን ነው። ሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ወዳሉበት ዳንፎርዝ ወርዶ እንጀራ ልብላ ቢል፣ ገና ሳይቀመጥ ተናኜ መቼ ነው የምትገባው ይሉታል። ሚስቱን ተናኜን ከአገር ቤት ለማምጣት ስፖንሰር ካደረገ አራት ዓመቱ ነው፤ ይህን ሰው ሁሉ ያውቃል። ሰው የማያውቀው፣ ለፋሲካ ደውላ መምጣቱን እንደተወችው ነው። መጠበቅ ሰለቸኝ፣ ኑሮዬ እዚሁ ነው አለችው። እሱም ደክሞት ነበርና አልተከራከራትም። ስልኩን ዘግቶ ሥራ ገባ።

አንድ ማክሰኞ ሳህኑን ያቀረበችለት አዲሷ አስተናጋጅ ራኬብ ሆና ተገኘች፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቃት ተማሪ። ጋሼ ብላ ጉንጩን ሳመችው። ጤናውን፣ ሥራውን፣ የሚያመውን ጉልበቱን ሳይቀር ጠይቃ፣ እንደ ወጉ ቤተሰብ ላይ ደረሰች። እትዬ ተናኜ ሲመጡ እዚህ ይዘዋቸው ይምጡ፣ የምጋብዘው እኔ ነኝ አለችው።

ትንሽ ነው የቀረው ሊላት አፉን ከፈተ። ለሰው ሁሉ የሚሰጣት መልስ ናት። ያቺን ውሸት ይዞ መዞር ግን ሦስተኛ ሥራ ሆኖበት ነበር፤ ዛሬ አቅም አጣ።

«አትመጣም፣ ራኬብ። ሐሳቡን ትታዋለች።»

ልጅቷ ሄዳ መረቅ አስጨምራ መጣች፣ አስቀምጣለት ወደ ሌላው ጠረጴዛ ዞረች።

በሳምንቱ ሲመጣ ሹካውን አቀረበችለትና እንደ ሁልጊዜው ነው ወይ ብቻ አለችው። ስለ ጉልበቱ እንኳ አልጠየቀችውም። ድሮም የሚፈልገው ይህንኑ ነበር፤ ዛሬ ግን ዝምታው ከበደው። ሹካውን አስቀምጦ ጠራት።

«ምነው ራኬብ፣ ዛሬ አትጠይቂኝም?»